ብርን በጨው ውሃ የለካው ሊቅ

ጆሴፍ ሉዊ ጌ-ሉሳክ በ1778 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር ከአንድ የሕግ ሰው ተወለደ። በ1804 ብቻውን በፊኛ እስከ 7,000 ሜትር ወጥቶ የሰማይን አየር በጠርሙስ ይዞ በመውረዱ ስሙ በአውሮፓ ተጠራ። በእኔ አስተያየት ግን ከዚህ ጉዞ ይበልጥ የሚደነቀው፥ በ1829 የፓሪስ ገንዘብ መቅረጫ ቤት የብር መርማሪዎች አለቃ ሆኖ የሠራው ነው።

በዚያ ዘመን የብር ገንዘብ ከ1,000 እጅ 900 እጅ ንጹሕ ብር እንዲኖረው ሕግ ያዝዝ ነበር። መርማሪዎቹ ናሙናውን ከእርሳስ ጋር አቅልጠው ከአጥንት አመድ በተሠራ ጽዋ ያነጥሩት ነበር። እሳቱና ጽዋው ግን ከብሩም ጥቂት ስለሚወስዱ የሚገኘው ቁጥር ከእውነተኛው ያንሳል፤ ብሩን የሸጠ ሰው ዋጋው ይጎድልበታል፤ መንግሥትም ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ ብር ያለበት ገንዘብ ያወጣል።

ጌ-ሉሳክ በ1832 ባሳተመው ዘዴ እሳቱን ተወው። ብሩን በናይትሪክ አሲድ አሟሙቶ፥ ብርታቱ አስቀድሞ የታወቀ የጨው ውሃ ይጨምርበታል። እንደ እርጎ ያለ ነጭ ዝቃጭ ይወርዳል፤ አዲስ ጠብታ ፈሳሹን ማደፍረሱን ሲተው ብሩ አልቋል ማለት ነው። የፈሰሰው የጨው ውሃ ልክ የብሩን ልክ ይናገራል። ይህን ጥቃቅን ድፍርስ ይከታተል የነበረው ዓይን በ1808 በፖታሲየም ፍንዳታ የተጎዳ ዓይን ነበር።

ዛሬ የአስፒሪን እንክብል የሚመረምር ተማሪ የሚሄድበትም መንገድ ይኸው ነው፤ የሚያንጠባጥበው ግን በጨው ውሃ ፋንታ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ፈሳሹ በሊትር 0.1 ሞል የያዘ ከሆነ፥ የወረደው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 18 ሚሊ ግራም ያህል አስፒሪን ያመለክታል። ተማሪው ለሚይዘው ባለ ምልክት ቱቦ ቡሬት የሚለውን ስም የሰጠው ጌ-ሉሳክ ነው። ሊቁ በ1850 በፓሪስ ዐረፈ።