ጥላሁን ግዛው፣ የስድስት ኪሎው የተማሪዎች መሪ

የማኅበራችንን ኢዮቤልዩ ስናከብር፣ እዚህ ሞያሌ አድገው ለዩኒቨርሲቲ የበቁ ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል ያልነውን የአንድ ወጣት ታሪክ በአጭሩ እናቀርባለን።

ጥላሁን ግዛው የተወለደው ትግራይ፣ ማይጨው ነው። ትውልዱ ከመሳፍንት ወገን ሲሆን፣ እኅቱ ልዕልት ሣራ ግዛው የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዑል መኮንን ባለቤት ነበሩ። በዘመዶቹ ተደግፎ ተደላድሎ መኖር ሲችል፣ መሬት ለአራሹ ከሚሉት ተማሪዎች ጎን ቆመ።

የተማረበት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1954 ዓ.ም. ሲመሠረት፣ ንጉሠ ነገሥቱ የስድስት ኪሎውን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጥተው ነበር። ተማሪዎቹ ግን በዚያው ግቢ እየተሰበሰቡ፣ ታገል በተባለው የማኅበራቸው ጋዜጣም መንግሥትን ይተቹ ጀመር። የዩኒቨርሲቲ አዳራሽና ጋዜጣ ለትምህርት ብቻ ነው ወይስ በአገር ጉዳይ ለመምከርም? ክርክሩ ይህ ነበር። በ1960 ዓ.ም. በግቢው አዳራሽ የተዘጋጀ የፋሽን ትርዒት በተማሪዎቹ ተቃውሞ ግጭት አስነሥቶ፣ ዩኒቨርሲቲው ለጊዜው እስከ መዘጋት ደርሷል።

ጥላሁን በ1962 ዓ.ም. የተማሪዎቹ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ታገል የዋለልኝ መኮንንን የብሔረሰቦች ጥያቄ ጽሑፍ አወጣ። ታኅሣሥ 19 ቀን ማታ ጥላሁን ከግቢው አቅራቢያ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ተማሪዎቹ መንግሥትን ጠረጠሩ፤ መንግሥት አስተባበለ። በማግስቱ አስከሬኑን ከሆስፒታል ወደ ግቢያቸው አምጥተው በሰልፍ ሊሸኙት ሲነሡ፣ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ገብተው ተኮሱባቸው። ሌሎች ተማሪዎችም ሞቱ። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ።

በምንኖርባት ኬንያም የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሪ የነበረው ታይተስ አዱንጎሲ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ከተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ታስሮ በ1988 እስር ቤት ውስጥ ሕይወቱ አልፏል።

አዳራሹ ለምን ይዋል የሚለው በደንብና በውይይት የሚያልቅ ነገር ነበር። በጥይት እንዲያልቅ ሲፈለግ ግን የወላጅ ልጅ ሞተ፤ ጥያቄውም አልሞተም። እኛ ወላጆች ልጆቻችን በአገር ጉዳይ አሳብ ሲኖራቸው ከማስፈራራት ይልቅ አብረናቸው እንምከር፤ ልጆቻችንም የጥላሁንን ስም ሲሰሙ ማን እንደ ነበረ ይወቁ።