የአካላችንን ዘበኞች ያገኘው ኢልያ ሜችኒኮፍ

አጥንት ብለን ስንናገር እንደ ቤት ምሰሶ ጸንቶ የቆመ ነገር ይታየናል፤ በሽታን የሚከላከለው ኀይል ደግሞ በደማችን ውስጥ እንደ ዘበኛ የሚዞር ሌላ ነገር ይመስለናል። እነዚህ ሁለቱ ዘመዳሞች መሆናቸውን ከመቶ ዓመት በፊት ከተረዱት ሰዎች አንዱ ኢልያ ሜችኒኮፍ ነበረ።

ሜችኒኮፍ በ1845 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) ዛሬ በዩክሬን በሚገኘው በካርኮቭ አውራጃ ተወለደ። የአራት ዓመቱን የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በሁለት ዓመት ፈጽሞ፣ በ1870 በኦዴሳ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ጥናት ፕሮፌሰር ሆነ።

ነገር ግን ዕውቀቱ ከኀዘን አላዳነውም። በ1869 ያገባት ሉድሚላ የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ ስለ ነበረች፣ ለሠርጓ ወደ ቤተ ክርስቲያን የደረሰችው በወንበር ላይ ተቀምጣ ሰዎች ተሸክመዋት ነው። በ1873 በማዴይራ ደሴት ስትሞትበት፣ ሜችኒኮፍ የራሱን ሕይወት ለማጥፋት እስከ መሞከር ደረሰ። ከሞት ተርፎ ኦልጋ የምትባለውን ሁለተኛ ሚስቱን በ1875 አገባ።

በ1882 በሲሲሊ ደሴት በመሲና ከተማ ሲኖር፣ አንድ ቀን ቤተ ሰቡ ሰርከስ ለማየት ሲሄድ እርሱ ከማይክሮስኮፑ ጋር ብቻውን ቀረ። የሚመለከታቸው የባሕር ኮከብ የሚባለው እንስሳ ጫጩቶች ሰውነታቸው እንደ መስተዋት የጠራ ስለ ሆነ፣ በውስጣቸው የሚንቀሳቀሱት ሴሎች ወለል ብለው ይታዩ ነበር። እነዚህ ሴሎች ምናልባት ከውጭ የሚመጣውን ጠላት የሚዋጉ ይሆኑ እንደ ሆነ ለመፈተን፣ ከአትክልቱ ቦታ የጽጌረዳ እሾኽ ቈርጦ በጫጩቶቹ ሰውነት ውስጥ ሰካ። በማግሥቱ ማለዳ ሲመለከት ሴሎቹ እሾኹን ከብበውት አገኛቸው። በላተኛ ሴሎች የሚል ትርጉም ያለው የግሪክ ስምም ወጣላቸው።

ብዙዎቹ የጀርመን ሊቃውንት ግን በሽታን የሚከላከለው የደም ፈሳሹ ክፍል ነው እንጂ ሴል አይደለም ሲሉ ተቃወሙት። በ1888 ፓስተር በፓሪስ በሚገኘው ተቋሙ ተቀበለውና እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በዚያ ሠራ። በ1908 የኖቤል ሽልማት ሲሰጠው፣ ተካፋዩ የተቃዋሚዎቹ ወገን የሆነው ፓውል ኤርሊኽ ነበረ።

ሜችኒኮፍ ስለ እርጅና በጻፋቸው መጻሕፍት ውስጥ፣ የሽማግሌዎችን አጥንት የሚያሳሱት ሴሎች የእነዚያ በላተኞች ዘመዶች መሆናቸውን አመለከተ። በ1916 በፓሪስ ሲሞት ነገሩ በሙሉ ገና አልተገለጠም ነበር።

በ1997 ተመራማሪዎች አጥንትን የሚጠብቅ ፕሮቲን ማግኘታቸውን አስታወቁ፤ ስሙንም ኦስቲዮፕሮቴጀሪን አሉት። ራንክል የሚባል ሌላ ፕሮቲን አለ፤ ይህ ፕሮቲን አጥንት በል ሴሎችን ያበዛል፣ ለሥራም ያነሣሣል። አጥንት ጠባቂው ፕሮቲን ግን ራንክልን በመንገድ ላይ ይዞ ያስቀረዋል። የሚያስደንቀው ደግሞ ራንክልን በሽታ የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎችም የሚያመነጩት መሆኑ ነው። በ1999 እንደ ታየው፣ ራንክል የሌላቸው አይጦች አጥንታቸው ከመጠን በላይ የደደረ ሲሆን፣ የበሽታ ተከላካይ ሴሎች የሚሰበሰቡባቸው የንፍፊት ዕጢዎችም አልነበሯቸውም። ስለዚህ የአካል ዘበኞች ያለ ጠላት በመገጣጠሚያ ላይ ሲነሡ፣ እንደ ሪህ ቁርጥማት ባለው በሽታ፣ አጥንቱ አብሮ ይበላል።

ከ2010 ጀምሮ የአጥንት መሳሳት ላለባቸው ሴቶች የሚሰጥ፣ ራንክልን የሚይዝ መድኀኒት አለ። ሐኪሞችም ሲያዙት አጥንቱን ብቻ ሳይሆን፣ በሽተኛዋን ሌላ ሕመም እንዳይዛት ጭምር ይጠባበቃሉ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ መድኀኒት የተሠራው ከምን እንደ ሆነ ልብ በል። ኤርሊኽና ወገኖቹ ሲከራከሩለት ከነበረው፣ በደም ፈሳሽ ውስጥ ከሚገኘው የተከላካይ ፕሮቲን ዐይነት ነው። የሚገታውም የሜችኒኮፍን በላተኞች ዘመድ ነው። ሁለቱ ወገኖች ዕድሜያቸውን በሙሉ ሲከራከሩ ኖሩ፤ እውነቱ ግን በሁለቱም ቤት ነበረ።