ጆን ብራውንና የዘመኑ ጋዜጦች

ባርነትን በመሣሪያ ለመደምሰስ ከተነሡት መካከል የጆን ብራውን ስም ጎልቶ ይታወቃል። ጋዜጦች ትግሉን በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዴት እንዳቀረቡት ግን ብዙ አይነገርም። ትምህርቱ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው።

ብራውን እ.ኤ.አ. በ1800 በአሜሪካ፣ በኮኔቲከት ተወለደ። ቆዳ ፋቂ፣ በግ አርቢና የሱፍ ነጋዴ ነበር፤ በ1842 ከስሮ ንብረቱን አጣ። በ1855 ወደ ካንሳስ ተጉዞ የባርነትን መስፋፋት ከልጆቹ ጋር ተዋጋ። በ1856 በፖታዋቶሚ የመራው ቡድን አምስት ሰዎችን በሌሊት ከቤታቸው አውጥቶ መግደሉ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ኦክቶበር 16 ቀን 1859 ሌሊት፣ አምስት ጥቁሮች የሚገኙባቸውን 21 ተከታዮች ይዞ በቨርጂኒያ የሐርፐርስ ፌሪን የመንግሥት ጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያዘ። ዓላማው ባሪያዎችን ማስታጠቅ ነበር። የመጀመሪያው ሟች የባቡር ጣቢያው ነፃ ጥቁር ሠራተኛ መሆኑ ግን የታሪክ መራራ ምፀት ነው።

ወሬው በቴሌግራፍ ሲሠራጭ፣ ሃያ ሁለቱ ሰዎች በአንዳንድ ጋዜጦች በመቶ የሚቆጠሩ ሆኑ። ሌሎችም ነገሩን ደመወዝ የተነፈጋቸው ሠራተኞች ሁከት አድርገው ጻፉት። ለባሪያ አሳዳሪው ሥርዓት ይራራ የነበረው ኒው ዮርክ ሄራልድ ቁስለኛው እስረኛ ለመርማሪዎቹ የሰጠውን መልስ በሰፊው አተመ። በዚህም የብራውንን ዓላማ ለሕዝብ አደረሰ። በሰላማዊ ትግል የሚያምነው የዊልያም ሎይድ ጋሪሰን ሊበሬተር እንኳ ዘመቻውን መጀመሪያ እንደ እብደት ቆጠረው።

ከዘመቻው ሰዎች አሥሩ በውጊያ ወደቁ፤ ሁለቱ የብራውን ልጆች ነበሩ። ራሱ ብራውን ዲሴምበር 2 ቀን 1859 ተሰቀለ። በዚያው ዕለት ጋሪሰን በቦስተን ስብሰባ ላይ ለባሪያዎች ዐመፅ መሳካትን ተመኘ። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳ፤ በ1865 ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ታገደ።

እንግዲህ የመጀመሪያው ወሬ ብዙውን ጊዜ የጌቶችን ፍርሃት ይዞ ይደርሳል። ስለዚህ ሠርቶ አደሩ አንባቢ ስለ አንድ ዐመፅ ሲያነብ ስንት ሰዎች እንደተነሡ ብቻ ሳይሆን፣ ወሬውን ማን እንደላከውና የተነሡት ለምን እንደተነሡ አጥብቆ ሊጠይቅ ይገባል።