ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሚዘይሯት ሐበሻዊት እናት

 

ሰለዋት በምናበዛበት በዛሬው ቀን ስለ አንዲት ሴት ላውራችሁ። ስሟን አብዛኞቻችን ሰምተነዋል። ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ያሳደገች ሐበሻ እንላለን፣ ትንሽ እንኮራለን፣ ከዚያ ስክሪኑን ወደ ላይ ገፋ አድርገን ወደሚቀጥለው ፖስት እናልፋለን። እኔም እንዲያ ነበርኩ። ታሪኳን ከመጀመሪያው ጀምሬ ሳነበው ግን ልቤን የያዘው ሌላ ነገር ሆነ፦ ቤቷን ያንኳኩ የነበሩት ሰዎች እነማን እንደነበሩና ምን ያህል ሥራ እንደነበረባቸው።

ስሟ በረካ ነው፤ የሰዕለባ ልጅ። መካ ውስጥ በዐብዱላህ ኢብን ዐብዱልሙጦሊብ ቤት የምታገለግል ባሪያ ነበረች። ዐብዱላህ የልጃቸውን ፊት ሳያዩ የስሪብ ላይ (የኋላዋ መዲና) ሞቱ። ትተውት የሄዱት ውርስ 5 ግመሎች፣ ጥቂት በጎችና በረካ ነበር። አዎ፣ ከበጎቹ ጋር የተቆጠረችው እርሷ ናት።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) 6 ዓመት ሲሞላቸው እናታቸው አሚና የበኑ ነጃር ዘመዶቻቸውን ሊያስተዋውቋቸው ወደ የስሪብ ይዘዋቸው ሄዱ። በረካም አብራ ሄደች። የያዙት ሁለት ግመል ነው። አንድ ወር ያህል ቆይተው ሲመለሱ አሚና መንገድ ላይ ታመሙ፤ አብዋእ ከምትባለው ቦታ ሲደርሱም አረፉ። እዚያው ተቀበሩ።

እስቲ ቆም ብላችሁ ቦታውን አስቡት። በመካና በመዲና መካከል ያለ በረሃ። አንድ ትኩስ መቃብር፣ ሁለት ግመል፣ አባቱን ጭራሽ ያላየ፣ እናቱንም አሁን የቀበረ የ6 ዓመት ልጅ፣ እና አንዲት የሰው አገር ሴት። መካ ገና ሩቅ ናት። በረካ ልጁን ይዛ ያን መንገድ ጨረሰችና ለአያታቸው ለዐብዱልሙጦሊብ አደረሰቻቸው። አድርሳ ግን አልተለየቻቸውም። ከሁለት ዓመት በኋላ አያታቸውም ሞቱ፤ አጎታቸው አቡ ጣሊብ ተረከቧቸው። ቤቱ ተቀያየረ፣ አሳዳጊው ተቀያየረ፣ በረካ ግን አለች። አድገው ለአቅመ አዳም እስኪደርሱ ድረስ ስትንከባከባቸው ቆየች።

ይህን ስጽፍ ጂዳና ሪያድ፣ ዱባይና ቤይሩት ያሉ እህቶቻችን ትዝ አሉኝ። የሰው ልጅ አዝለው፣ አጉርሰው፣ አስተኝተው አሳድገው፣ ኮንትራታቸው ሲያልቅ አንድ ሻንጣ ይዘው የሚወጡ። ያ ልጅ ሲያድግ ስማቸውን ያስታውስ ይሆን? በረካ ያሳደገቻቸው ልጅ ግን አልረሷትም። እናታችን ኸዲጃን (ረ.ዐ) ባገቡ ጊዜ ነፃ አወጧት። እርሷም ዑበይድ ኢብን ዘይድ የሚባል ሰው አግብታ አይመንን ወለደች፤ ኡሙ አይመን የተባለችውም በዚህ ልጇ ነው። ኋላም ዘይድ ኢብን ሓሪሳን (ረ.ዐ) አገባች፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አብዝተው የሚወዱት ኡሳማ ከእርሱ ተወለደ።

አሁን ወደ መዲና እንምጣ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እዚያ የነበራቸውን ውሎ አስቡት። በቀን 5 ጊዜ ያሰግዳሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ከየጎሳው የመጣ ልዑክ ይቀበላሉ፣ ለነገሥታት ደብዳቤ ያስጽፋሉ፣ ዘመቻ ይመራሉ። በዚህ ሁሉ መሐል ተነስተው ወደ ኡሙ አይመን ቤት ይሄዳሉ። በእናት ስም ነበር የሚጠሯት፤ ከቤተሰቤ የቀረችልኝ እርሷ ናት ይሉም ነበር። የእኔን ብነግራችሁ፣ ያሳደገችኝ አክስቴ ያለችው በሁለት ታክሲ ርቀት ነው። ባለፈው ዒድ የላክሁላት የድምፅ መልእክት 30 ሰከንድ አይሞላም።

ዚያራቸው ደግሞ የወግ አልነበረም። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) እንደሚያወሩት አንድ ቀን አብረዋቸው ሄደው ነበር። ኡሙ አይመን የሚጠጣ ነገር አቀረበች፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ፆመኛ ይሁኑ ወይም አላሰኛቸው፣ አልጠጡም። እርሷም ጮኸችባቸው፣ ተቆጣቻቸው! ሶሐባዎች በፊታቸው ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉላቸው ነቢይ እኮ ናቸው። እናት ግን እናት ናት፤ ልጇ ቤቷ መጥቶ ሳይቀምስ ሲወጣ አትወድም። የእኛ እናቶች ሞት ልብላልህ እያሉ የሚታገሉንም ይህንኑ ነው።

ሌላም አለ። ሙሃጅሮች ኋላ ሲደላቸው አንሷሮች የሰጧቸውን የተምር ዛፎች መመለስ ጀመሩ። ከአነስ ቤተሰብ የተገኙትን ዛፎች ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለኡሙ አይመን ሰጥተዋት ነበር። አነስ ሊጠይቁ ሲመጡ ደረሰችና ልብስ አንገታቸው ላይ ጣል አድርጋ ያዘቻቸው፤ በአላህ ምላ አልሰጥም አለች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ምትክ እንስጥሽ አሏት፤ እምቢ። ጨመሩ፤ እምቢ። የዛፎቹን 10 እጥፍ ወይም ለዚያ የቀረበ እስኪሰጧት ድረስ እየጨመሩ ሄዱ። ማዘዝ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን ማባበልን መረጡ።

ኢብን ሰዕድ እንደዘገቡት ቀልድም ነበራቸው። የምቀመጥበት እንስሳ ስጡኝ ስትላቸው በግመል ልጅ ላይ አስቀምጥሻለሁ አሏት። ግልገል እንዴት ይችለኛል ብላ ተከራከረች፤ ለካ ግመል ሁሉ የግመል ልጅ ነው። ዐረብኛውም ለምላሷ አልገራላትም ነበር። ሰላምታውን ስታቀርብ ሲዘበራረቅባት፣ ሰላም የምትለዋ ቃል ብቻ እንድትበቃት ፈቀዱላት። ያነጋገር ዘዬዋ አላሳፈራቸውም።

በኡሑድ ቀን ውሃ እያመላለሰች ቁስለኞችን ስታክም ዋለች። የሂጅራ 8ኛ ዓመት ግን ከበዳት። ባሏ ዘይድ በሙእታ የጦሩ አዛዥ ሆኖ ሸሂድ ሆነ። 5 ወር ያህል ቆይቶ ደግሞ የበኩር ልጇ አይመን በሑነይን፣ ብዙዎች በተበተኑበት ሰዓት ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ፀንቶ ተገደለ። ኡሳማ ቀረላት። እርሱም ገና በወጣትነቱ፣ በ11ኛው ዓመት፣ ታላላቅ ሶሐባዎች ያሉበትን ጦር እንዲመራ ተሾመ። ከመዲና ውጭ ጁርፍ ላይ ሰፍሮ ሳለ ከእናቱ መልእክተኛ ደረሰው፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በሞት አፋፍ ላይ ናቸው። ተመለሰ።

በአብዋእ በረሃ እጃቸውን የያዘችው ልጅ ከእርሷ ቀድመው አኺራ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ምን ይመስሉ እንደነበር ታውቃላችሁ። ጎሳዎች ዘካ አንሰጥም እያሉ ነው፣ ሐሰተኛ ነቢያት ተነስተዋል፣ የኡሳማ ጦር መላክ አለበት። ሸክሙ ሁሉ አቡበክር (ረ.ዐ) ትከሻ ላይ ወድቋል። ሙስሊም በሶሒሓቸው እንደዘገቡት በእነዚያ ጊዜያት አቡበክር ለዑመር (ረ.ዐ) አንድ ሐሳብ አቀረቡ፦ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ይዘይሯት እንደነበር፣ እኛም ኡሙ አይመንን እንዘይራት።

ሁለቱ ተነስተው ሄዱ። ስታያቸው አለቀሰች። አላህ ዘንድ ያለው ለመልእክተኛው እንደሚሻል እየነገሩ ሊያጽናኗት ሞከሩ። ይህንንማ አውቃለሁ አለቻቸው። የምታለቅሰው ወሕይ ከሰማይ መውረዱ ስለተቋረጠ ነበር። ይህን ሲሰሙ ሁለቱም አልቻሉም፤ ከእርሷ ጋር ተቀምጠው አለቀሱ።