ወይን ጠባቂው ድሜጥሮስና ባሕረ ሐሳብ

በወር በወር በ12 የቅዱስ ሚካኤል መታሰቢያ ሲውል፣ የየካ ተራራ ግርጌ ነዋሪ ወደ የካ ሚካኤል ይተማል። ጥቅምት 12 ግን ሌላም ሰው ይታሰባል፤ እርሱም የእስክንድርያው 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት ድሜጥሮስ ነው።

ድሜጥሮስ በወይን ቦታ የሚሠራ፣ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ ነበር። ትውፊቱ እንደሚተርከው፣ ሊቀ ጳጳሳቱ ዩልያኖስ ሊያርፍ በተቃረበ ጊዜ፣ የወይን ዘለላ ይዞ የሚመጣው ሰው ተተኪው እንደሚሆን በራእይ ተነገረው። ወራቱ ወይን የሚያፈራበት አልነበረም፤ ድሜጥሮስ ግን ያለ ጊዜው የበሰለ ዘለላ አግኝቶ ለበረከት ይዞ ቀረበ። እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ189 ተሾመ። ባለ ሚስት በመሆኑ ሕዝቡ ቢያጉረመርም፣ ሁለቱም በድንግልና መኖራቸውን ለማስረዳት የእሳት ፍም በልብሳቸው ይዘው እንደ ዞሩ፣ ልብሱም እንዳልተቃጠለ ይነገራል። ለወጣቱ አርጌንስ የእስክንድርያን ትምህርት ቤት የሰጠውም፣ ኋላ ተጣልቶ ያሳደደውም እርሱ ነው።

ስሙን በአገራችን ያስጠራው ግን ሌላ ጭንቀት ነው። የነነዌና የዐቢይ ጾም መግቢያ ከሰኞ፣ ስቅለት ከዓርብ፣ ትንሣኤ ከእሑድ እንዳይወጡ ይመኝ ነበር። ወራትን በወይን ሐረግ ለለየ ሰው ይህ እንግዳ ምኞት አይደለም። ከሌሊቱ 23፣ ከቀኑ 7 ሱባዔ እንዲይዝ ተገለጠለት ይባላል። 23 በ7 ሲባዛ 161 ነው፤ በ30 ሲገደፍ 11 ይተርፋል፤ ይህ አበቅቴ ነው። 7 በ7 ሲባዛ 49 ነው፤ 30 ሲገደፍ 19 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። 11 የ365 ቀኑ የፀሐይ ዓመት ከ354 ቀኑ የጨረቃ ዓመት የሚበልጥበት መጠን መሆኑን መሐንዲስ ወዲያው ያያል። ለአብነት በ2016 ዓ.ም. ዓመተ ዓለሙ 7516 ነበር፤ በ19 ሲገደፍ 11 ይቀራል፤ አንዱ ሲነሣ ወንበሩ 10 ይሆናል። አበቅቴው 20፣ መጥቅዑ 10 ወጣ፤ ነነዌም የካቲት 18፣ ሰኞ ዋለ።

የታሪክ ሊቃውንት የ19 ዓመቱ ዑደት በእስክንድርያ የተደላደለው ከእርሱ በኋላ ነው ይላሉ፤ አቴናውያንም ቀድመው ያውቁት ነበር። ቻይናውያን ለዚያው ልዩነት በ19 ዓመት 7 ወር እየጨመሩ፣ የገበሬውን ሥራ ፀሐይን በተከተሉ 24 ወቅቶች ከፈሉት። በእኛ ዘንድ ጨረቃ የምታናውጠው ጾሙንና በዓሉን ብቻ ነው፤ ክረምቱ በየዓመቱ ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል።

ድሜጥሮስ 43 ዓመት ያህል በመንበሩ ቆይቶ ዐረፈ። በእንጦጦ አናት ላይ፣ 3200 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ስፍራ፣ የአንድ አንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ከዚያው ሥር ባሉት አድባራት መስከረም 1 ቀን ካህናቱ የዓመቱን አበቅቴና መጥቅዕ ለምእመኑ ያውጃሉ።