ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር የሚኖር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የወጣበትን ምክንያት ያውቃል። ችግር ያስወጣው፣ ጦርነት ያሳደደው ወይም ትምህርትና የተሻለ ኑሮ ፍለጋ የሄደ ይሆናል። አሁን ታሪካቸውን የምታነቡላቸው ሰው ግን ከኢትዮጵያ ሲወጡ ለምንና ወዴት እንደሚሄዱ አያውቁም ነበር። ዕድሜያቸው ከሦስት ዓመት እምብዛም አይበልጥም ነበርና። መውጣታቸውን ሌሎች ሰዎች ወሰኑላቸው፤ መመለሳቸውን ግን ራሳቸው ወሰኑ። ይህ ውሳኔ በአንድ ጀንበር የተፈጸመ እንዳይመስላችሁ። ከታሰበበት ጊዜ አንሥቶ እስከሚፈጸም ድረስ ከሃያ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ወርቅነህ እሸቴ በ1857 ዓ.ም. ገደማ በጎንደር ከተማ ተወለዱ። ዘመኑ የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት እየተዳከመ የሄደበት ነበር። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ንጉሠ ነገሥቱ እጃቸውን ለጠላት ከመስጠት ሞትን መረጡ። ስለዚያ ቀን በታሪክ ትምህርታችሁ ብዙ ተምራችኋል፤ ስለ ተዘረፉት የብራና መጻሕፍትና ስለ ዘውዱ ሰምታችኋል። ነገር ግን በዚያ ሁከት መካከል ከእናት ከአባታቸው የተለያዩ ሕፃናትም ነበሩ። ሕፃኑ ወርቅነህ ከእነዚያ አንዱ ነበር።

ከመቅደላ በእንግሊዞች እጅ የወጣ ሌላ ልጅም እንደ ነበረ ታስታውሳላችሁ። እርሱም የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ በዚያ ሲማር ቆየ፤ ኑሮው ግን አልተስማማውም። በ1872 ዓ.ም. ገና በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ዐርፎ በዊንድዘር ተቀበረ። የሁለቱን ልጆች ዕጣ ጎን ለጎን ማየት ይገባል። አንደኛው የንጉሥ ልጅ ስለሆነ በዓለም ጋዜጦች ሲነገርለት ኖሮ በባዕድ መሬት ቀረ፤ ሁለተኛው ማን መሆኑ እንኳ ሳይታወቅ ሄዶ ተመለሰ።

ሕፃኑን ወርቅነህን ያገኘው ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ ጦር መኮንን ነበር። ጦሩ የመጣው ከሕንድ ስለ ነበር፣ መኮንኑ ሲመለስ ልጁን ይዞት ወደ ሕንድ ተሻገረ። ስለዚህ ሰው ስትፈርዱ አትቸኩሉ። ልጁን በጦር ሜዳ ጥሎት ቢሄድ ምን ይደርስበት እንደ ነበር ማንም ሊናገር አይችልም። ይሁን እንጂ ያን ልጅ ወላጅ አልባ ያስመሰለው ይኸው ጦር ራሱ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ቻምበርሌን ልጁን ብዙ ሳያሳድግ ሞተ። ከዚያ በኋላ ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ልጁም ከሁለቱ አሳዳጊዎቹ ስም ተወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እየተማረ ሲያድግ የእናቱ ቋንቋ ከአፉ ጠፋ። የሦስት ዓመት ልጅ ይዞት የሄደው አማርኛ የሚያናግረው ሰው ከሌለ ስንት ወር ሊቆይ እንደሚችል እናንተው ገምቱ።

ቻርልስ ማርቲን በትምህርቱ የተሳካለት ሆነ። በላሆር ከተማ በሚገኘው የሕክምና ኮሌጅ ተምሮ በ1874 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚህ በኋላ እኛም እንደ ማዕረጋቸው ሐኪሙ እንበላቸው። ሐኪሙ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር በሕንድ የሕክምና አገልግሎት ተቀጠሩ፤ ወደ ስኮትላንድም ሄደው ዕውቀታቸውን አዳበሩ። ቀጥሎም በርማ ውስጥ ተመድበው በመንግሥት ሐኪምነት ሠሩ።

በዚያ ዘመን ለአንድ አፍሪካዊ እንዲህ ያለ ሥራ ማግኘት ቀላል ነገር አልነበረም። ደመወዙ የታወቀ፣ ጡረታው የተረጋገጠ፣ ሙያውም የተከበረ ነበር። ይሁንና ሐኪሙ የሚኖሩት የሕንድ ተወላጅ ሳይሆኑ በሕንድ መንግሥት፣ እንግሊዛዊ ሳይሆኑ በእንግሊዝ ስም፣ በርማዊ ሳይሆኑ በበርማ ምድር ነበር። ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛውን አገሬ ሊሉ ይችሉ ነበር? ኑሮ ሞልቶ ሳለ ሥር አለመስደድ የሚመጣው ከእንዲህ ያለው ቦታ ነው። መቅደላ ላይ የተገኙ የሐበሻ ልጅ መሆናቸውን ያውቁ ነበር፤ የአባታቸውን ቤት ግን አያውቁትም።

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር አድዋ ላይ የኢጣልያን ጦር ድል ነሣ። ወሬው በዓለም ጋዜጦች ተሠራጨ፤ በርማም ደረሰ። ሐኪሙ በተሸናፊ ጦር ሰፈር መካከል የተገኙ ልጅ ነበሩ። አሁን የሰሙት ግን ያው አገር አውሮፓዊ ወራሪን መመለሱን ነው። ወደ ኢትዮጵያ ለመሄድ የቈረጡት በዚህ ጊዜ ነው። ጉዞው ወዲያው አልሆነላቸውም። በመጨረሻ በ1891 ዓ.ም. ፈቃድ ወስደው አዲስ አበባ ገቡ።

አገባባቸውን በዐይነ ኅሊናችሁ ሣሉት። የሠላሳ ዓመት ዕድሜ ያለፋቸው፣ አለባበሳቸውም አነጋገራቸውም የእንግሊዝ የሆነ፣ መልካቸው ግን የሐበሻ የሆነ ሰው መጡ። የአገሬው ሰው ሲናገር አይሰሙም፤ እርሳቸውም ሲናገሩ የሚሰማቸው የለም። በአገራቸው መሬት ላይ አስተርጓሚ ያስፈልጋቸው ነበር። ዐፄ ምኒልክ ተቀበሏቸው፤ በሽተኞችንም ያክሙ ጀመር። በዚያ ወቅት በአዲስ አበባ የሠለጠነ ሐኪም እጅግ ጥቂት ስለ ነበር ሕዝቡ ፈለጋቸው። የእጃቸው ሥራ ከምላሳቸው ይልቅ ቀድሞ አስተዋወቃቸው ቢባል ከእውነት የራቀ አይደለም።

መቅደላ ላይ የጠፋ ልጅ ሐኪም ሆኖ መጥቷል የሚለው ወሬ ሲሰማ አያታቸው ሊያዩዋቸው መጡ። የሦስት ዓመት ሕፃን ፊት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምን ይለያል? አያቲቱ ግን በፊት አልመረመሩም። በሕፃንነቱ ከገላው ላይ የቀሩትን ጠባሳዎች ፈለጉ፤ አገኟቸውም። ዲግሪያቸው በላሆር፣ ማዕረጋቸው በእንግሊዝ መንግሥት የተሰጣቸው ሰው፣ የማን ልጅ መሆናቸው የተመሰከረላቸው በአንዲት አሮጊት ነው። ከዚያ ወዲህ በአገራቸው ሰዎች ዘንድ ወርቅነህ እሸቴ ተብለው ታወቁ። በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ግን ዶክተር ማርቲን መባላቸው አልቀረም፤ ሁለቱንም ስም እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ተሸክመዋል።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ያማረ ተረት በሆነ ነበር። ነገር ግን ሐኪም ወርቅነህ የእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኛ ነበሩ፤ ፈቃዳቸውም የተወሰነ ነበር። ስለዚህ በ1893 ዓ.ም. ወደ በርማ ተመለሱ። ይህን ሲያነቡ አንዳንድ ወጣቶች አገራቸውንና አያታቸውን ካገኙ በኋላ ለምን ሄዱ ብለው ይወቅሷቸው ይሆናል። ወቀሳው የችኮላ ይመስለኛል። ሥራውን በመሐል የለቀቀ ሰው የብዙ ዓመት ድካሙን ጡረታ ያጣል፤ በአዲስ አበባም ለአንድ ሐኪም መተዳደሪያ የሚሆን ቋሚ ተቋም ገና አልተደራጀም ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ በሚገኘው የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ሁለተኛ ጊዜ መጡ። በዚህ ቆይታቸው ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው በአገራቸው ትዳር መሠረቱ። አማርኛቸውም እየተስተካከለ ሄደ። ያም ሆኖ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሥራው እንደገና ወደ በርማ ጠራቸው። ለመጨረሻ ጊዜ የተመለሱት በ1911 ዓ.ም. ጡረታቸውን ካስከበሩ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ አምስት ተጠግቶ ነበር። ሌላው ሰው ዕረፍት በሚያስብበት ዕድሜ የእርሳቸው ሥራ ገና ጀመረ።

ከሠሩት ሁሉ ለእናንተ ለተማሪዎች የሚቀርበው የትምህርቱ ሥራ ነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መርተዋል። በዚያ ዘመን ተማሪዎች ስለ ዓለም አገሮች በራሳቸው ቋንቋ የሚያነቡት መጽሐፍ ከማነሱ የተነሣ፣ ሐኪሙ የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ አዘጋጅተው አሳተሙ። ይህን ነገር አስተውሉት። በሦስት ዓመታቸው የረሱትን ቋንቋ ከሠላሳ ዓመታቸው በኋላ እንደ ባዕድ ቋንቋ ከፊደሉ ጀምረው የተማሩ ሰው፣ በዚያው ቋንቋ ለሕፃናት ማስተማሪያ ጻፉ። የየዕለት ማስታወሻቸውን ግን በእንግሊዝኛ ይጽፉ ነበር። ከራሱ ጋር የሚነጋገርበትን ቋንቋ ሰው በቀላሉ አይለውጥም።

ከአገሩ ተነጥቆ የተወሰደ ልጅ መሆናቸው በሌሎች ሥራዎቻቸውም ይታያል። ባርነትን ለማስቀረት በሚደረገው ጥረት ተካፍለዋል፤ ነፃ የወጡትም እንዲማሩ ደክመዋል። በ1920 ዓ.ም. በጣና ሐይቅ ላይ ሊሠራ ስለ ታሰበው ግድብ ከአንድ ኩባንያ ጋር ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተልከው ነበር። የግድቡ ነገር በዚያ ዘመን ፍሬ ሳያፈራ ቀረ። ነገር ግን በኒውዮርክ ከተማ በሃርለም ከጥቁር አሜሪካውያን ጋር ተገናኝተው፣ ሙያ ያላቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። አያቶቻቸው ያለ ፈቃዳቸው ባሕር የተሻገሩባቸውን ሰዎች ያነጋገሩት ሰው ራሳቸውም እንደዚሁ ባሕር የተሻገሩ ነበሩ።

በ1922 ዓ.ም. ገደማ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆኑ። ከእርሳቸው በፊት ያን አገር ያስተዳደሩት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። እርሳቸውም በልጅነታቸው ከአድዋ ጦርነት በኋላ ወደ ሩስያ ሄደው ከዓመታት በኋላ የተመለሱ ሰው ናቸው። ጨርጨር ለሌሎች አውራጃዎች ምሳሌ ይሆናል ተብሎ የታሰበ ግዛት ነበር። በሰው አገር አድገው የተመለሱ ሁለት ሰዎች ተከታትለው የሠሩበት መሆኑ እንዲሁ በአጋጣሚ ብቻ አይመስልም።

በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ ሲያሠጋ ሐኪም ወርቅነህ የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆነው ወደ ለንደን ተላኩ። የሰባ ዓመት ሽማግሌ ነበሩ። ልጅነታቸውን የወሰደባቸውን መንግሥት ቋንቋውንና ወጉን ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ በዚያ ዕውቀት ስለ አገራቸው ተሟገቱ፤ ለተጎዱት ርዳታ አሰባሰቡ። ሆኖም የእንግሊዝ መንግሥት ኢጣልያን አላስቆመም፤ አዲስ አበባም በጠላት እጅ ወደቀች። በሰባ ዓመታቸው እንደገና ስደተኛ ሆኑ።

ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ነበር። አባታቸው ሃያ ዓመት የፈጀባቸውን መመለስ ልጆቹ ትምህርታቸው እንዳለቀ ፈጸሙት። ጠላት ሲገባም ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶች የተማሩትን ኢትዮጵያውያን እየለዩ ሲፈጁ ሁለቱም ተገደሉ። አባታቸው መርዶውን የሰሙት በባዕድ አገር ሆነው ነው።

ጠላት ከተባረረ በኋላ ሐኪም ወርቅነህ ወደ ኢትዮጵያ ተመለሱ። ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር። ሥራ አልፈለጉም፤ ሹመትም አልጠበቁም። በአዲስ አበባ ከባለቤታቸውና ከቀሩት ልጆቻቸው ጋር ኖረው በመስከረም ወር 1945 ዓ.ም. ዐረፉ።