አንድሬ ማሪ አምፔርና የጅረት አቅጣጫ

በኤሌክትሪክ ሙያ የተሰማራ ሰው የአምፔርን ስም ሳይጠራ የሚውልበት ቀን ጥቂት ነው። ፊውዝ ሲመረጥ፣ የሽቦ ውፍረት ሲወሰን፣ የሞተር ሰሌዳ ሲነበብ ስሙ ይነሣል። በሰርኪዩት ንድፍ ላይ የምትሠመረው ትንሽ ቀስትም የዚሁ ሰው ቅርስ መሆኗ ግን ብዙ ጊዜ አይታወስም። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድሬ ማሪ አምፔር ጃንዋሪ 20 ቀን 1775 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ተወለደ። ነጋዴ የነበረው አባቱ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ከመላክ ይልቅ፣ ፖሌሚዮ በተባለው የገጠር መንደር በመጻሕፍት መካከል አሳደገው። በአብዮቱ ዘመን አባትዬው በሊዮን የዳኝነት ሥራ ይዞ ስለ ነበር በ1793 በጊዮቲን ተገደለ። የ18 ዓመቱ ወጣት ከዚያ በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ትምህርቱን ጥሎ በሐዘን ፈዝዞ ኖረ። በ1799 ያገባት ዡሊ ካሮንም አንድ ወንድ ልጅ ትታለት በ1803 ሞተች። በማግሥቱ ዓመት ወደ ፓሪስ ሄዶ በኤኮል ፖሊቴክኒክ ማስተማር ጀመረ፤ በ1814 የሳይንስ አካዳሚ አባል ሆነ። እስከዚህ ድረስ የታወቀው በሒሳብና በኬሚስትሪ እንጂ በኤሌክትሪክ አልነበረም።

በ1820 የዴንማርኩ ኧርስቴድ፣ ከቮልታ ባትሪ ጋር የተገናኘ ሽቦ የኮምፓስን መርፌ እንደሚያዞር አስታወቀ። አራጎ ሴፕቴምበር 11 ቀን ሙከራውን በፓሪስ አካዳሚ ደግሞ አሳየ። አምፔር በሳምንቱ የራሱን ጥናት ይዞ ቀረበ።

መርፌዋ ወዴት እንደምትዞር ለመናገር፣ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ነገር ከወዴት ወደ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ መወሰን ነበረበት። አምፔር ሁለት ዓይነት ኤሌክትሪክ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛል ብሎ ያምን ነበር፤ ነገሩን ለማሳጠር ግን የአዎንታዊውን አካሄድ ብቻ ወስዶ የጅረቱ አቅጣጫ ብሎ ሰየመው። ከዚያም አንድ ሰው በሽቦው ላይ ተጋድሞ፣ ጅረቱ በእግሩ ገብቶ በራሱ ሲወጣ፣ ፊቱንም ወደ መርፌዋ ሲያዞር፣ ሰሜን ጠቋሚው ጫፍ ወደ ግራው ይዞራል የሚለውን ደንብ አወጣ። ቶምሰን በ1897 ኤሌክትሮንን ካገኘ ወዲህ ቀስቱ ተገላቢጦሽ ነው የሚል ወቀሳ ይሰማል። ወቀሳው ፍሬ የለውም፤ ወደ ግራ የሚሄድ አሉታዊና ወደ ቀኝ የሚሄድ አዎንታዊ ለመርፌዋ አንድ ናቸውና።

ይበልጥ ሊታወስ የሚገባው ሌላው ሥራው ነው። አምፔር መርፌዋን ከባትሪው ከራሱ አጠገብ አድርጎ እዚያም እንደምትዞር አየ። ጅረቱ በሽቦው ከአዎንታዊው ጫፍ ወደ አሉታዊው፣ በባትሪው ውስጥ ግን ከአሉታዊው ወደ አዎንታዊው ሄዶ ዙሪያውን ይገጥማል ማለት ነው። ኃይል ሰጪውን ከተቀባዩ የሚለየውም ይኸው ነው፤ ጅረቱ በአዎንታዊው ጫፍ የሚገባበት መሣሪያ ኃይል ይቀበላል፣ በአዎንታዊው ጫፍ የሚወጣበት ይሰጣል። ባትሪ ሲሞላ ከሰጪነት ወደ ተቀባይነት የሚዞረው በዚህ ነው። አምፔር ራሱ ግን እስከዚህ አልዘለቀም። ውጥረትንና ጅረትን ለይቶ የሰየመ እሱ ቢሆንም፣ ሰርኪዩቱ ሲዘጋ ውጥረቱ የሚጠፋ ይመስለው ነበር፤ ሁለቱን በስሌት ያስተሳሰረው በ1827 ኦም ነው።

ሴፕቴምበር 25 ቀን ደግሞ ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ሽቦዎች ጅረታቸው በአንድ አቅጣጫ ሲሆን እንደሚሳሳቡ፣ በተቃራኒ ሲሆን እንደሚገፋፉ አሳየ። ሁለቱም ጅረቶች በአንድነት ቢገለበጡ ግፊቱ አይለወጥም። ባለ ሁለት ጥቅል ዋትሜትር የሚሠራው በዚህ ነው፤ በአንዱ ጥቅል የጭነቱ ጅረት፣ በሌላው ቮልቴጁን የሚከተል ጅረት ያልፋል። በ50 ሄርትዝ መስመር ላይ ጅረቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ ቢገለበጥም፣ ቮልቴጁ አብሮት ከተገለበጠ ጠቋሚው ወደ አንድ ወገን ይቆማል፤ ኃይሉም ከጣቢያው ወደ ተጠቃሚው መሄዱን አይተውም። ከሁለቱ ጥቅሎች የአንዱ ጫፎች ብቻ ተለዋውጠው ከታሰሩ ግን ጠቋሚው ወደ ኋላ ይሸሻል። ጀማሪ ሠራተኛ ይህን ሲያይ ብዙውን ጊዜ መሣሪያው ተበላሽቷል ይላል።

አምፔር በትምህርት ተቆጣጣሪነት ሥራ ላይ እንዳለ ጁን 10 ቀን 1836 በማርሴይ አረፈ። በ1881 በፓሪስ የተደረገው የኤሌክትሪክ ጉባኤ የጅረትን መለኪያ በስሙ ሰየመ። ከ1948 ጀምሮ የአንድ አምፔር ልክ የተተረጎመው በ1 ሜትር ርቀት ጎን ለጎን በተዘረጉ ሁለት ሽቦዎች መካከል በሚፈጠረው ግፊት ነበር፤ በ2019 ይህ ቀርቶ በኤሌክትሮኑ ቻርጅ መጠን ተተካ።